ያላሉትን አሉ አንበል፤ ካቶሊካውያን ስለ እመቤታችን ምን ያስተምራሉ? እኛስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ጾመ ፍልሰታ በሕዝባችን ዘንድ እንዴት እንደሚወደድ የታወቀ ነው። ሌላውን ጾም የሚከብደው ሰው እንኳ ፍልሰታን አያልፍም። ሕፃናቱ ሳይቀሩ እስኪቀደስ ይቆያሉ። አንዳንዱ ሥራውን ትቶ ሱባኤ ይገባል፤ ቆሎና ውኃ ብቻ ቀምሶ የሚሰነብትም አለ። በየአጥቢያው ውዳሴ ማርያምና ቅዳሴ ማርያም ይተረጎማል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሆዳችን ሲጾም አንደበታችን ሐሰት የሚበላ ከሆነ ምን ጾምን? በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ (ዘጸ. 20፥16) በጾም ወቅትም ከጾም ውጪም ያው ነው። ዛሬ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብዬ አይደለም፤ እኔው ራሴ በዚሁ ጾም በአንደበቴ ስለ ወደቅሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የፍልሰታ ሰሞን ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስለ እመቤታችን እንዳስተምር ታዘዝኩ። ትምህርቱ እንዲሞቅልኝ ፈለግሁና ስለ ካቶሊካውያን ሦስት ነገር ተናገርኩ። «አንደኛ፣ እመቤታችንን አምላክ ያደርጓታል። ሁለተኛ፣ መድኃኒት አላስፈለጋትም ይላሉ። ሦስተኛ፣ አልሞተችም ብለው ደንግገዋል» አልኩ። ከየት አገኘኸው ብትሉኝ ከወሬ ነው። መጽሐፍ ገልጬ አላየሁም፤ አዋቂም አልጠየቅሁም።

ከተማሪዎቹ መካከል አያቱ ያሳደጉት አንድ ልጅ ነበረ። አያቱ ካቶሊካዊት መሆናቸውን አላወቅሁም። በማግስቱ ወደ ቤታቸው አስጠሩኝ። ሄድኩ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነበርና ቡና አፍልተው ቆሎ አቀረቡልኝ። እርሳቸውም እየጾሙ ነበር። በሀገራችን በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ካቶሊካውያን እንዳሉ ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው። ቡናውን ቀድተው ከሰጡኝ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የማምነውን ብትነቅፍብኝ አልከፋም፤ ያንተ እምነት ነውና። ያላልኩትን ግን አልሽ አትበለኝ። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። አያቴ ገሃነም ልትገባ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ነው ማንበብና ሊቃውንቱን መጠየቅ የጀመርኩት። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። (የውጭ ሀገር ታሪክ ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሀ. ከመለያየታችን በፊት ያገኘነው

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን ጉባኤ ሲደረግ የቍስጥንጥንያው ንስጥሮስ እመቤታችንን ወላዲተ አምላክ አልላትም ብሎ ነበር። የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ መለሰለት። ከእርሷ የተወለደው እርሱ ራሱ ሰው የሆነው አምላክ ነውና የአምላክ እናት ናት ብሎ ረታው። በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት የተለያየነው ከዚህ 20 ዓመት በኋላ በ451 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አስተውሉ! ወላዲተ አምላክ የሚለው ስም ገና በአንድ ቤት ሳለን የተቀበልነው ርስት ነው። ሮማውያንም እስከ ዛሬ አልጣሉትም።

ድንግልናዋም እንዲሁ ነው። ከመፅነሷ በፊት፣ በፀነሰች ጊዜ፣ ከወለደችም በኋላ ድንግል ናት ብለን እናምናለን፤ እነርሱም እንዲህ ያምናሉ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ያያትን የተዘጋች የምሥራቅ በር (ሕዝ. 44፥2) እኛም እነርሱም ለእርሷ እንተረጉማለን። እኛ በየዕለቱ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ብለን የምናቀርበውን ሰላምታ እነርሱም ከዚያው ከሉቃስ ወንጌል ወስደው በመቍጠሪያቸው ይደጋግሙታል። የእኛ መቍጠሪያ 64 ፍሬ ሲኖረው የእመቤታችንን ዕድሜ ያሳስበናል። የእነርሱ በአሥር በአሥር የተከፈለ ሆኖ የጌታን ልደት፣ ሕማምና ትንሣኤ እያሰቡ ይጸልዩበታል። መንገዱ ይለያያል፤ የሚጠሯት እናት ግን የቤተ ልሔሟ ናት።

ለ. «አምላክ ያደርጓታል» ያልኩት

ይህ ሐሰት ነው። የካቶሊክ መምህራን ስግደትንና ክብርን በሦስት ይከፍሉታል። ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን ላትርያ ይሉታል፤ ይህም እኛ የአምልኮ ስግደት የምንለው ነው። ለቅዱሳን የሚሰጠውን ዱልያ፣ ከቅዱሳን ሁሉ ከፍ ብሎ ለእመቤታችን የሚሰጠውን ደግሞ ሂፐርዱልያ ይሉታል። እኛስ የአምልኮ ስግደትና የአክብሮት ስግደት ብለን እንለይ የለምን? አምልኮን ለእርሷ የሚሰጥ ሰው ቢገኝ በእነርሱም ዘንድ የተወገዘ ነው።

እንዲያውም ነገሩ በመካከላቸው ብዙ ያከራከረ ነው። በ2ኛው የቫቲካን ጉባኤ ጊዜ ስለ እመቤታችን ራሱን የቻለ ሰነድ ይውጣ ወይስ ስለ ቤተ ክርስቲያን በሚናገረው ውስጥ ይካተት የሚል ክርክር ተነሣ። በጥቅምት ወር 1963 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ 1,114 ጳጳሳት ይካተት አሉ፤ 1,074 ደግሞ ለብቻው ይሁን አሉ። ልዩነቱ 40 ድምፅ ብቻ ነበር! በዚህ መሠረት በ1964 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያን የወጣው ድንጋጌ የመጨረሻው ምዕራፍ፣ ማለትም 8ኛው፣ የእርሷ ሆነ። በዚያም አማላጅና ረዳት ተብላ ስትጠራ ይህ ከአንዱ ከክርስቶስ ክብር አንዳች እንደማይቀንስና እንደማይጨምር ተጽፏል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ካቶሊካውያን እመቤታችን ከልጇ ጋር «አብራ የተቤዠች» ተብላ እንድትጠራ ለረጅም ዘመን ሲጠይቁ ኖረዋል። ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም ጥቂት ጊዜ በዚህ ስም ተጠቅመው ነበር። በመጨረሻ ግን የእምነትን ትምህርት የሚመለከተው የቫቲካን ጽሕፈት ቤት በኖቬምበር 2025 ዓ.ም. በፖፕ ሊዮ 14ኛ ተቀባይነት ያገኘ ሰነድ አወጣ። ስሙ የክርስቶስን ብቸኛ አዳኝነት ሊሸፍን ስለሚችል መጠቀሙ ተገቢ አይደለም አለ። አምላክ ያደርጓታል የተባሉት ሰዎች አንዲቱ ቃል የልጇን ክብር እንዳትጋርድ ይህን ያህል ተጠንቅቀዋል።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ እመቤታችንን «ቤዛዊተ ዓለም» እንላት የለምን? ይህን ስም የሰሙ ሌሎች «ኦርቶዶክሶች ማርያም አዳነችን ይላሉ፣ ክርስቶስን ረስተዋል» ብለው ስንት ጊዜ ከሰሱን! እኛም «ኧረ አይደለም፤ ትርጓሜውን ስሙን! ቤዛችንን ክርስቶስን ስለ ወለደችልን፣ የድኅነታችን ምክንያት ስለ ሆነች ነው» እያልን እንመልሳለን። ትርጓሜያችን ሳይሰማ ቃላችን ብቻ ተነጥቆ ሲነገርብን ያመናል። ታዲያ ያመመንን ነገር በሌላው ላይ እናደርጋለን? እኔ ግን አድርጌዋለሁ።

ሐ. «መድኃኒት አላስፈለጋትም ይላሉ» ያልኩት

ይህም ሐሰት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 8 ቀን 1854 ዓ.ም. የሮም ፖፕ ፒዮስ 9ኛ የ«ንጽሕት ፅንሰት» ዶግማ አወጁ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ጌታችን ያለ ዘር መፀነሱን የሚናገር ይመስለዋል። አይደለም። ይህ ስለ እርሷ ስለ ራሷ መፀነስ፣ ከኢያቄምና ከሐና ስለ ተገኘችበት ሰዓት የሚናገር ነው። ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ከአዳም ኃጢአት ተጠበቀች ይላል። በምን? በልጇ በክርስቶስ ቤዛነት ይላል፤ ገና ወደ ፊት የሚፈጸመው የመስቀሉ ፍሬ አስቀድሞ ለእርሷ ተሰጣት ማለታቸው ነው።

ይህም ቢሆን በእነርሱ ዘንድ በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። በ12ኛው መቶ ዓመት በርናርዶስ የሚባለው ታላቅ መነኵሴያቸው እመቤታችንን እንዲያ እየወደደ የፅንሰቷን በዓል ማክበር ተቃውሟል። ቶማስ አኵይናስም ትምህርቱን አልተቀበለም። አሳባቸው «ያልወደቀ ሰው እንዴት ይድናል?» የሚል ነበር። በ1308 ዓ.ም. ያረፈው ዱንስ ስኮተስ ግን መዳን ሁለት ዓይነት ነው ብሎ መለሰ። በምሳሌ ብናስረዳው ጭቃ ውስጥ የወደቀውን ሰው ጎትቶ ማውጣት ማዳን ነው፤ ሊወድቅ ያለውን ሰው ቀድሞ እጁን ይዞ ማስቀረትም ማዳን ነው፤ ይህኛው እንዲያውም ይበልጣል። ስለዚህ በእነርሱ ትምህርት እመቤታችን መድኃኒት ያላስፈለጋት ሳትሆን ከሁሉ ይልቅ የዳነች ናት። እርሷም በጸሎቷ እግዚአብሔርን መድኃኒቴ ብላዋለች (ሉቃ. 1፥47)።

እኛስ ምን እንላለን? የነሐሴ 7 በዓል ምንድን ነው? ጽንሰታ ለማርያም አይደል! በዚሁ በምንጾመው ጾም መካከል ፅንሰቷን እናከብራለን፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ተቈጥሮ ግንቦት 1 ቀን ልደታዋን እናከብራለን። ሊቃውንት አባቶቻችንም እመቤታችን ጥንተ አብሶ የሌለባት፣ ለአምላክ ማደሪያነት የተጠበቀች ንጽሕት ናት ብለው ያስተምራሉ። እኅታችን የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን የካቶሊክ ትምህርት አትቀበልም።

ታዲያ ከሮም ጋር ልዩነታችን ምኑ ላይ ነው? አንደኛው የአዳምን ኃጢአት በሚረዱበት መንገድ ነው፤ የእነርሱ ትምህርት የተቀዳው ከአውግስጢኖስና ከእርሱ በኋላ ከተነሡት የምዕራብ መምህራን ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአወጣጡ ነው። እኛ ንጽሕናዋን የምናውቀው በምስጋናው፣ በማሕሌቱና በትርጓሜው ነው። በእነርሱ ዘንድ ግን የአንድ ጳጳስ ዐዋጅ ወጥቶ የሚጠራጠረው ሁሉ ከእምነት እንደ ወጣ ተቈጠረ።

መ. «አልሞተችም ብለው ደንግገዋል» ያልኩት

ይህኛው የባሰ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር አንብቤ ነበርና። በኖቬምበር 1 ቀን 1950 ዓ.ም. ፖፕ ፒዮስ 12ኛ የእመቤታችንን ፍልሰት ዶግማ አድርገው አወጁ። ዐዋጁ ምድራዊ ሕይወቷ በተፈጸመ ጊዜ በነፍስም በሥጋም ወደ ሰማይ ክብር ተወሰደች ይላል። ሞተች አይልም፤ አልሞተችም አይልም። ጥያቄውን ሆን ብሎ ክፍት ተወው። ከዚያ በኋላ ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1997 ዓ.ም. ባስተማሩት ትምህርት ልጇ ሞትን ከቀመሰ እርሷም መቅመሷ ተገቢ እንደ ሆነ ተናግረዋል። በዓሉን በኦገስት 15 ያከብሩታል፤ ይህም በእኛ ነሐሴ 9 ማለት ነው። እኛ ሱባኤ ላይ ሳለን የምዕራቡ ካቶሊካውያን ያንኑ ፍልሰት እያከበሩ ነው።

የእኛ አባቶች ግን ይህን ነገር ክፍት አልተዉትም። እመቤታችን በ64 ዓመቷ ጥር 21 ቀን አረፈች። ሐዋርያት ሥጋዋን ወደ ጌቴሴማኒ ይዘው ሲሄዱ ታውፋንያ የተባለ ሰው አልጋውን ሊጥል ደፈረ፤ የመልአኩ ሰይፍም እጆቹን ቈረጠው። ሥጋዋ በገነት በዕፀ ሕይወት ሥር ተቀመጠ። ሐዋርያትም የዮሐንስን ምስክርነት ሰምተው ከነሐሴ 1 ጀምሮ ጾሙ፤ በ14ኛው ቀን ሥጋዋን ተቀብለው ቀበሩ፤ በ16 በልጇ ሥልጣን ተነሥታ ዐረገች። ከህንድ በደመና ይመጣ የነበረው ቶማስ በመንገድ አገኛትና ሰበኗን ተቀበለ። በዓመቱ ሌሎቹ ሐዋርያት የቶማስን በረከት ሽተው እንደ ገና ጾሙ፤ ያዩትንም አዩ። የምንጾመው ጾም ይህ ነው።

ወገኖቼ፣ ሞቷን መናገር ለምን ይጠቅመናል? እናቱ የሞተችበት፣ ልጁን የቀበረ ሰው በዚህ ጾም መቃብር ቤት አጠገብ ቆሞ ሲያለቅስ ማጽናኛው ምንድን ነው? የአምላክ እናት እንኳ በሞት በር አልፋለች፤ በዚያ በር ያለፈው ግን እንደ ተዘጋበት አይቀርም። ልጇ እንዳስነሣት እኛንም ያስነሣናል። ለዚህ ነው ዕረፍቷም ትንሣኤዋም በአንድነት የሚተረክልን። ካቶሊካውያን ይህን ጥያቄ ክፍት መተዋቸውን በክፋት አንይባቸው፤ እኛ ግን የያዝነውን አደራ አንጣል።

ሠ. እንግዲህ አንድ ነን ማለት ነውን?

አይደለም። ይህን ስጽፍ «ታዲያ ምን ለየን?» የሚለኝ አይጠፋም። የሚለየን አለ። እነርሱ በ1870 ዓ.ም. በ1ኛው የቫቲካን ጉባኤ የሮም ፖፕ ከመንበሩ ሆኖ እምነትን ሲወስን አይሳሳትም ብለው ደነገጉ። የ1950ውም ዐዋጅ በዚህ ሥልጣን የታወጀ ነው። እኛ ይህን ሥልጣን አልተቀበልንም፤ አንቀበልምም። በነገረ ክርስቶስ ከኬልቄዶን ጀምሮ ያለው ልዩነትም ገና አልተዘጋም። በአንድ ጽዋ አንቈርብም። በሀገራችንም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በግድ ሊጫንብን የተሞከረው እምነት ያስፈሰሰው ደም እስከ 1632 ዓ.ም. ድረስ የቀጠለ ቍስል ነበር፤ አልተረሳም።

ነገር ግን እውነተኛ ልዩነት ሐሰተኛ ልዩነት እንዲጨመርለት አይፈልግም። ግድግዳው በቂ ነው፤ በወሬ ሌላ ግድግዳ አንሥራበት። በሐሰት የተጠበቀ ሃይማኖት ያጠራጥራል። ያ ልጅ አንድ ቀን መጽሐፉን ገልጦ የነገርኩት ሐሰት መሆኑን ሲያገኝ «ስለ ሥላሴም፣ ስለ ቍርባንም የነገረኝ እንዲሁ ይሆን?» አይልምን? ስለ ሌላው የምንዋሸው ውሸት መጨረሻው የራሳችንን እውነት ያስጠረጥራል።

ስለዚህ በዚህ ጾም ሦስት ነገር እንያዝ፦

አንደኛ፣ የራሳችንን እንማር። ብዙዎቻችን የሌላውን ስሕተት በቃላችን እንይዛለን፤ የጽንሰታን ትርጉም፣ የፍልሰታን ታሪክ ስንጠየቅ ግን እንንተባተባለን። የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ በየቤተ ክርስቲያኑ በሚሰጥበት በዚህ ሰሞን ቁጭ ብለን እንስማ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሌላው ከመናገራችን በፊት እንጠይቅ። «እርሱ ራሱ እዚህ ተቀምጦ ቢሰማኝ፣ አዎን ይህ እምነቴ ነው ይላልን?» አይልም ብለን ከጠረጠርን ዝም እንበል። ዝምታም ጾም ነው።

ሦስተኛ፣ የሚያስማማንን ስንሰማ አንፍራ። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር ሰጥቷል (ዮሐ. 19፥26-27)። ያን ደቀ መዝሙር ልንመስል የምንወድ ከሆነ እርሷን ወደ ቤታችን ልንወስዳት ይገባል፤ በእርሷ ስም ጎረቤታችንን ልናስለቅስ ግን አይገባም።

በሚቀጥለው እሑድ ከዚያው ወጣት ፊት ቆሜ «ባለፈው የነገርኳችሁ ሦስቱም ነገር ሐሰት ነበር፤ ይቅር በሉኝ» አልኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወጣቶቹ ይቅር አሉኝ። ያ ልጅ ግን በዚያ ቀን አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አልተመለሰም። አያቱን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ፤ እመቤታችን ትርዳህ» ብለው መረቁኝ። ነሐሴ 16 በመጣ ቍጥር ያንን ልጅ አስበዋለሁ። የትም ይሁን የት እመቤታችን በምልጃዋ ታስበው። እናንተም ይህን ስታነቡ አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት በሉለት።

የቅዱስ ቄርሎስን አፍ የከፈተ አምላክ የእኛንም አፍ ለእውነት ይክፈትልን፤ ለሐሰት ይዝጋብን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ምልጃና ጸሎት፣ የልጇ የወዳጇ ቸርነት አይለየን። ጾሙን የበረከት፣ ፍጻሜውን የደስታ ያድርግልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣
ወለወላዲቱ ድንግል፣
ወለመስቀሉ ክቡር።